ካናቢስን በጓሮ ወይም በማሳ መትከል፡ የወንጀል ሕጉ ምን ይላል?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች፣ በመካነ ሰላም፣ በአማራ ሳይንት፣ በመቅደላ፣ በተንታና በለጋምቦ፣ የክረምቱ መግቢያ አርሶ አደሩ በየትኛው ማሳ ላይ ምን እንደሚዘራ የሚወስንበት ወቅት ነው። የማሳው ስፋት ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ የማዳበሪያ ዋጋም ሲጨምር፣ ከገብስና ከስንዴ የተሻለ ገቢ ያስገኛል የተባለ ማንኛውም ተክል ጆሮ ያገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእነዚህ ተክሎች መካከል አንዱን፣ ማለትም ካናቢስን ነው። ዜጎች ተክሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመትከል ከማሰባቸው በፊት፣ ወይም ሌላ ሰው በመሬታቸው ላይ እንዲተክል ከመፍቀዳቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ድንጋጌዎች ከዚህ በታች ተብራርተዋል።

ድንጋጌውና ቅጣቱ

በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 መርዛም የሆኑ፣ የሚያደነዝዙ ወይም በአእምሮ ላይ ለውጥ የሚያስከትሉ መድኃኒቶችንና ዕፆችን ይመለከታል። በዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት ያለ ልዩ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጪ እንዲህ ያለውን ዕፅ የተከለ፣ ያመረተ፣ የያዘ፣ ያከማቸ፣ ያጓጓዘ፣ የደለለ፣ የገዛ ወይም የሸጠ ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና ከመቶ ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ መትከል ብቻውን የተሟላ ወንጀል መሆኑ ነው። ዕፁ እስኪደርስ፣ እስኪቆረጥ ወይም እስኪሸጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተከለው ሰው ምንም ገንዘብ ሳያገኝም ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ቅጣቱን ይመለከታል። ድንጋጌው መነሻውን አምስት ዓመት አድርጎ ጣሪያውን ሳይጠቅስ ያልፋል። ጣሪያው የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ የሕጉ አንቀጽ 108 ጽኑ እስራት በመርሕ ደረጃ ከአንድ ዓመት እስከ ሃያ አምስት ዓመት እንደሚደርስ ይደነግጋል። ስለዚህ «አምስት ዓመት ነው» እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም፤ አምስት ዓመት የቅጣቱ ወለል ነው። ድርጊቱ ለዚሁ ተግባር በተደራጀ ቡድን ወይም ሥራዬ ብሎ በያዘው ሰው ሲፈጸም ደግሞ ቅጣቱ ከዚህም የከበደ ይሆናል።

ሕጉ «ከዚህ ያነሰ ግንድ አያስቀጣም» የሚል መለኪያ አላስቀመጠም። በጓሮ የበቀሉ ሦስት ግንዶችና በአንድ ጥማድ ማሳ ላይ የተተከለ አዝመራ በአንድ ድንጋጌ ሥር ይወድቃሉ። የመጠኑ ልዩነት የሚታየው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በሚወስንበት ጊዜ ነው። በግልጽ ለመናገር ድንጋጌው ከባድ ነው። ይህን ክብደት አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ የእርሻ ሥራውን ጥሎ ለአምስት ዓመታት መለየት ቤተሰቡን ለችግር የሚዳርግበትን አርሶ አደር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነጥብ መጥቀስ ተገቢ ነው። ክልከላው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ተመሳሳይ ክልከላ ነበረው። በአገራችን ከዚህ ዕፅ ጋር ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው ሻሸመኔም ከሕጉ ውጪ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በውጭ ለሚኖሩ የጥቁር ሕዝብ ተወላጆች በዚያ መሬት መስጠታቸውና የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች በዚያ መኖራቸው፣ ተክሉ በአካባቢው የተፈቀደ ነው የሚል ስሕተት በሌሎች ክልሎች እንዲሰማ አድርጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ሆኖም በንዑስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትንና እምነትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምና ጤና ለማስጠበቅ በሚወጡ ሕጎች ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ ለማንም እምነት የተለየ ፈቃድ አልሰጠም።

«አላወቅሁም» የሚለው መልስ መቼ ያገለግላል?

ለአብነት ያህል በቦረና ወረዳ የሚኖር አንድ አርሶ አደር ይወሰድ። አዲስ አበባ የሚሠራ የእኅቱ ልጅ በሰኔ ወር መጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ይሰጠዋል፤ «ጋሼ፣ ይህ የመድኃኒት ተክል ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ይዝሩት፣ ሲደርስ ገዢ አመጣለሁ» ይለዋል። አርሶ አደሩ ይዘራዋል። በመስከረም ወር ፖሊስ ይመጣል።

የአርሶ አደሩ ኃላፊነት የሚወሰነው ዘሩን በተቀበለበት ጊዜ በነበረው ዕውቀት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 57 መሠረት ማንም ሰው ጥፋት ሳይኖርበት፣ ይኸውም ሳያስብ ወይም ሳይቸለተኝ ለፈጸመው ድርጊት አይቀጣም። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት ደግሞ የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው፤ መትከል የሚያስቀጣው በማሰብ ሲፈጸም ነው። እንግዲህ አርሶ አደሩ የተሰጠው ዘር የጌሾ ወይም የጥቁር አዝሙድ ነው ብሎ በእውነት አምኖ ዘርቶ ከሆነ፣ የፍሬ ነገር ስሕተት ስለሆነ አስቦ ተክሏል ሊባል አይችልም። አንቀጽ 80 የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ነው።

ነገር ግን በአብዛኛው ጉዳይ እውነታው እንደዚህ የጠራ አይደለም። ዘሩ በድብቅ የመጣ፣ «ለማንም አትንገር» የተባለበት፣ ከመንገድ በማይታይ ቦታ እንዲተከል የተነገረበት፣ የሚከፈለውም ዋጋ ከማንኛውም የታወቀ ሰብል የበለጠ ሊሆን ይችላል። አርሶ አደሩ ጠርጥሮ «መጠየቅ ለምኔ» ብሎ ከተወው፣ የሕጉ አንቀጽ 58 ንዑስ አንቀጽ 1 (ለ) ይመለከተዋል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የፈጸመ ሰው፣ አስቦ እንደፈጸመ ይቆጠራል። የዚህ ሰው ኃላፊነት ከሚያውቀው ሰው ኃላፊነት አይለይም።

ሦስተኛው ሁኔታ ተክሉ ካናቢስ መሆኑን ማወቅና መከልከሉን ግን አለማወቅ ነው። ይህ የሕግ አለማወቅ ሲሆን፣ በአንቀጽ 81 መሠረት ከኃላፊነት አያድንም። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ የተፈቀደ መሆኑን በቅን ልቡና ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው ሰው ቅጣቱን እንዲያቀልለት ሊወስን ይችላል፤ ይህ ግን የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንጂ የተከሳሹ መብት ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። ዘሩን ያመጣው የእኅት ልጅ ደግሞ አጎቱ ነጻ ቢወጣም እንኳ ራሱ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

መሬትን ለእኩል ወይም በኪራይ የሰጠ ባለይዞታ

በአካባቢው አቅመ ደካሞች፣ ባሎቻቸውን ያጡ እናቶች እና ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሄዱ ሰዎች መሬታቸውን ለእኩል ወይም በኪራይ ለሌላ ሰው መስጠታቸው የተለመደ ነው። የመሬቱ ይዞታ በስማቸው መሆኑ ብቻ እነዚህን ሰዎች ወንጀለኛ አያደርጋቸውም። የወንጀል ኃላፊነት ግላዊ ነው። ባለይዞታው የሚጠየቀው የሚተከለውን አውቆ መሬቱን ከሰጠ፣ ወይም አዝመራው ከበቀለ በኋላ አውቆ ሲረዳና ድርሻውን ሲቀበል ነው። በዚህ ምክንያት መሬት ሲሰጥ የሚዘራው ሰብል በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈሩ ጠቃሚ ነው። ርቀው የሚኖሩ ባለይዞታዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ በክረምት ማሳቸውን በራሳቸው ወይም በዘመድ ማስጎብኘት ይኖርባቸዋል።

ልጆችም እንዲሁ ሊታሰቡ ይገባል። ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ግን ለወጣት አጥፊዎች በተደነገጉት እርምጃዎች ሥር ይወድቃል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ዕድሜው እየታየ በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ልጅን ውኃ እንዲያጠጣ ወይም እንዲጠብቅ መላክ ቤተሰቡ ወደማይፈልገው ቦታ ሊያደርሰው ይችላል።

«ዓለም ፈቅዶታል» ስለሚባለው

ዕፁን እንዲተክሉ የሚያግባቡ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ክርክር የሌሎች አገሮች ምሳሌ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዑራጓይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ በራሳቸው ሕግ ፈቅደዋል። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመድኃኒት የሚውል ካናቢስ ለሚያመርቱ ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት ጀምራለች። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2018 አዋቂ ሰው በግል መኖሪያው ለራሱ መጠቀሙና መትከሉ ወንጀል ሊሆን አይገባም ሲል ወስኗል። እነዚህ ውሳኔዎች የሚሠሩት በየአገራቸው ወሰን ውስጥ ነው፤ መካነ ሰላም ላለ ፍርድ ቤት መከላከያ ሆነው አይቀርቡም።

ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚጠቀሰው ሌላው ጉዳይ የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን ውሳኔ ነው። ኮሚሽኑ ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን ከ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) ስምምነት አራተኛ ሠንጠረዥ አውጥቶታል። አራተኛው ሠንጠረዥ ለሕክምና የሚሰጡት ጥቅም አነስተኛ ነው የተባሉ ዕፆች የሚገኙበት ነው። ይሁንና ካናቢስ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ይህም ማለት ቁጥጥሩ አልተነሣም። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ ማንኛውም አገር ካናቢስ እንዲመረት ከፈቀደ ምርቱን በመንግሥት አካል አማካይነት እንዲቆጣጠር ያስገድዳል። በየጓሮው በግል መትከልን የሚፈቅድ አሠራር ከዚህ ስምምነት አይወጣም።

በዚሁ ስምምነት አንቀጽ 28 ለቃጫና ለዘር ምርት ብቻ የሚተከል ካናቢስ ከቁጥጥሩ ውጪ መሆኑ ተጠቅሷል። ይህን የሚያውቁ ደላሎች ተክሉን «የቃጫ ተክል ነው» ብለው ሊያቀርቡ ይችላሉ። ስሙም ለማሳሳት የተመቸ ነው፤ ቃጫ በአገራችን የታወቀና ምንም ክልከላ የሌለበት የገመድ ተክል ነውና። ሆኖም ዓለም አቀፉ ስምምነት የተወው ነገር በአገር ውስጥ ሕግ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ የወንጀል ሕጉ የሚጠይቀው ልዩ ፈቃድ አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም የልማት ሠራተኛ «ይሁን» ማለቱ፣ የአንድ ኩባንያ ማኅተም ያረፈበት የአስመራችነት ውልም ቢሆን ልዩ ፈቃድ አይደለም። ስለ ናርኮቲክ መድኃኒቶች ቁጥጥር መጠየቅ የሚፈልግ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተቋቋመውን ሥርዓት የሚያስፈጽመውን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማነጋገር ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ዘር በፖስታ ወይም በሻንጣ ሲልኩም ይስተዋላል። ካናቢስ ከሆነ ማስገባቱ ራሱ በአንቀጽ 525 ያስጠይቃል። የሌላ ማንኛውም ተክል ዘርም ቢሆን ተባይና በሽታ እንዳያስገባ የኳራንታይን ቁጥጥር ሳይደረግለት ወደ አገር መግባት የለበትም፤ የተላከለት ሰው ከመዝራቱ በፊት የግብርና ጽሕፈት ቤቱን ቢጠይቅ ይመረጣል።

ተክሉን ስለ መለየት

የተሳሳተ ጥቆማ ንጹሕ ጎረቤትን ያጉላላል። በዚህ ምክንያት ተክሉን ከሚመስሉት መለየት ጠቃሚ ነው። የካናቢስ ቅጠል ከአንድ ነጥብ የሚወጡ፣ ዘወትር ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ፣ ቀጫጭንና ዳርቻቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ጣት መሰል ቅጠሎች አሉት። በየጓሮው የሚታየው ጉሎ ከሩቅ ሲታይ የሚመስል ቢሆንም፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀ አንድ ሰፊ ቅጠል ነው፤ ጣቶቹ ከመሐል አይለያዩም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የስም ጉዳይ ነው። በአንዳንድ አካባቢ «አተፋሪስ» ወይም «አስተናግር» እየተባለ የሚጠራው ተክል በአሮጌ ቅጥርና በፍግ ቦታ ራሱን ችሎ የሚበቅል፣ ነጭ መለከት መሰል አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አረም ነው። ከካናቢስ ጋር አይዛመድም። ማንም ሳይተክለው መብቀሉ ወንጀል አይሆንም። ነገር ግን እጅግ መርዛም በመሆኑ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ፣ ነቅሎ ማስወገድ ይገባል። ጫትም ቢሆን በአገራችን ሕግ ከካናቢስ የተለየ ነው፤ ጫት መትከል በአንቀጽ 525 የሚያስጠይቅ ድርጊት አይደለም።

በማሳው ላይ ያልተከለውን ካናቢስ ያገኘ ሰው

ርቆ በሚገኝ ማሳ፣ በተለይ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች አቅራቢያ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ሊተክል ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥም ተክሉን በሌሊት ነቅሎ ማቃጠል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ይህ ለባለቤቱ አይጠቅምም፤ ሌላ ሰው አይቶት ከነበረ ባለቤቱ ማስረጃ ያጠፋ ያስመስለዋል። የሚሻለው ተክሉን ሳይነኩ ሁለት ሰዎችን አስከትሎ ማሳየት፣ ወዲያውኑም ለቀበሌው አስተዳደርና በአቅራቢያው ላለ የፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ፣ ማመልከቻው የቀረበበት ቀንና ቁጥርም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው።

ራሱ የተከለና የተጸጸተ ሰውስ? ሕጉ ለዚህም በር አልዘጋም። በአንቀጽ 82 መሠረት ከድርጊቱ በኋላ እውነተኛ ጸጸት ያሳየ፣ በተለይም ጥፋቱን አምኖ ራሱን ለሕግ ያቀረበ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር መመካከሩ ግን አስፈላጊ ነው።

ፖሊስ ሲመጣ

በዚህ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው መብቶቹን አያጣም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል፤ ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊገለጽለት ይገባል። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብትም አለው። ለዚህ አካባቢ ነዋሪዎች ጠቃሚ የሆነ አንድ ዝርዝር አለ፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ የተያዘ ሰው በእግር የተጓዘበት ሰዓት ሊታከል ይችላል፤ በጣቢያ ውስጥ ያለ ምክንያት የቆየበት ቀን ግን የጉዞ ጊዜ አይደለም። ቤተሰብ የተያዘበትን ሰዓት መዝግቦ መያዙ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ይጠቅማል። በአንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ የሃይማኖት አማካሪና የሕግ ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ።

ክስ ከተመሠረተ በኋላ ተከሳሹ በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይቆጠራል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። መነሻው አምስት ዓመት ጽኑ እስራት በሆነ ክስ የቀረበ አርሶ አደር ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ችሎት ላይ ማንሣት ይኖርበታል፤ ምስክር ከተሰማ በኋላ ማንሣት ለጠበቃው ሥራውን ያከብድበታል።

ገቢ ለሚሹ ቤተሰቦች

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ለነጭ ሽንኩርት፣ ለድንችና ለጌሾ የሚስማማ ደጋ ነው። ጌሾ በተለይ ከጓሮ ጋር የተዋሃደ ነው፤ አንድ ጊዜ ከያዘ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፣ ቅጠሉና እንጨቱ ደርቆ ለጠላና ለጠጅ ይሸጣል፣ ትንሽ ቦታም ይበቃዋል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ከችግኝ ጀምሮ ወደ ገበያ የሚደርስ ቅጠል እስኪሰጥ ጊዜ ይወስዳል፣ በመጀመሪያው በጋም ውኃ ማጠጣት ያስፈልገዋል። በአንድ ክረምት ባለጸጋ አደርጋለሁ ከሚል ዘር ጋር በገቢ አይወዳደር ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን ፍርድ ቤት አያቆመውም። ስለ ችግኝ፣ ስለ ዘርና ስለ ተከላ ወቅት በቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም በነጻው የግብርና መረጃ የስልክ መስመር 8028 ምክር ማግኘት ይቻላል።